የኻሊዳ አንባቢ

«ሰምተዋል እማማ ሉባባ? ሳሊህ ለኻሊዳ የሚያነብ ኮምፒውተር ገዛላት አሉ! ያን ሁሉ ሴንቴ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ! ሰው እንዲያው ዓይኗ ለማያይ ሠራተኛ ይሄን ያደርጋል? ሁለተኛ ሚስት ሊያደርጋት ነው እንጂ!»

ጎረቤቴ ረምዚያ ናት፣ ልብስ እያሰጣች ወሬውን በአጥሩ ላይ የወረወረችልኝ። ራሷ ወደ ሱቁ ስልክ ለሳሊህ ምን ዓይነት የፍቅር ነገር እንደጻፈች እኔና ኻሊዳ እናውቃለን። አንብበን እንባችን እስኪወርድ ስቀን፣ ለሱም ለሌላ ሰውም ሳንናገር ቀርተናል።

ሌላ ቀን ቢሆን ይሄን የመሰለ ወሬ ጨው ጨምሬ ሁለት ቤት አደርሰው ነበር። ዛሬ ግን እዚያው አጥሩ ላይ ተውኩት። አንባቢ ከተገዛ እኔ ምን ልሆን ነው? ሻሼን አፈፍ አድርጌ ወጣሁ። ረምዚያም ከኋላዬ፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

ሱቁ እዚሁ የስደት ሰፈራችን ናሙዎንጎ፣ የባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነው። ሳሊህ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ሽሮና በርበሬ ያከፋፍላል፤ ትዕዛዝ የምትቀበለው ኻሊዳ ናት። የሚደውለውን ራሷ ታነጋግራለች። የሚጽፈውን የማነብላት እኔ ነኝ። በኮሮናው ጊዜ ነው የጀመርነው። ልጄ ለንግድ ጁባ እንደሄደ መንገድ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈትም እሱ አልመጣ። እኔም የመሠረተ ትምህርቴን ይዤ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ፊደሉን በጣቴ እየለቀምኩ አነባለሁ። ትዕዛዙ አንድ መስመር ከሆነ፣ ስለ አዛዡ ሦስት መስመር ከራሴ እጨምራለሁ። እሷ ትስቃለች። ማታ ቤቴ ስገባ የማወራው ከድስቴ ጋር ነው።

ስንደርስ ከንቲንዳ ሰፈር በቦዳ ሞተር የመጣ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ከሱቁ ስልክ ጋር እያገናኘ ያስተካክላል። የት ተቀምጦ? የኔ በርጩማ ላይ።

«ታዲያ መቼ ነው ሠርጉ?» ትላለች ረምዚያ ገና ከበሩ። ጆንያ ተሸካሚዎቹ ይስቃሉ።

ሳሊህ ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። ዓይነ አፋር ነው፤ የኻሊዳን ዓይን የሚነካ ነገር በአፉ ማውጣት እንደ ነውር ይቆጥረዋል። «የሚመዝነው ልጅ ሚዛኑን ከቤቱ ነው ያመጣው?» ይላል። «እኔ ነኝ የገዛሁት። ይሄም የሥራ ዕቃ ነው።» ቀጥሎም፣ «ዓምና አንዴ ጠይቄያት እምቢ ብላኝ ነበር። አሁን ሳልጠይቅ ገዛሁት።»

ኻሊዳ ቀና ትላለች። «መቼ ጠየቁኝ?»

«ጽፌልሽ ነበር እኮ።»

ወደ ባለሙያው እጠጋለሁ። እሱ ደግሞ አማርኛ አይችልም፤ ለሙከራ ብሎ መልእክቶቹን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ አሮጌዎቹ ይወስዳቸዋል።

«የዛሬውን ሞክር ልጄ! የዛሬውን!» እላለሁ። ፈገግ ይልልኝና አንዱን ይነካል።

ከኮምፒውተሩ አፍንጫው የተደፈነ ሰው የመሰለ ድምፅ ወጣ። «ኻሊዳ። ጽሑፍ የሚያነብ ኮምፒውተር አለ ብለውኛል። እኔ ልግዛልሽ? ከደመወዝሽ አልነካም። ሳሊህ።»

ከዚያ መልሱን ቀጠለ። «አልፈልግም። እማማ ሉባባ ይበቁኛል።»

አራት ቃል። እነሱን ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ያን ቀን ለኻሊዳ ያነበብኩላት፣ «ሳሊህ ሽሮው አለቀ ወይ ይላል» ብዬ ነው። «አላለቀም በሉት» አለችኝ። የጻፍኩት ግን ያንን ነው።

ኻሊዳ ፊቷን ወደ እኔ ታዞራለች። የት እንደቆምኩ በትንፋሼ ታውቃለች።

«ወባ ይዞዎት የተኙ ጊዜ» ትላለች ቀስ ብላ፣ «በሩ ላይ ቆሜ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ‹አንብቡልኝ› ስል ነው የዋልኩት፣ እማማ። አንዱ ስልኩን ይዞብኝ ሊሮጥ ነበር።»

ይሄን አልነገረችኝም ነበር። ገንፎ ይዛ ልትጠይቀኝ ስትመጣ እንኳ አልነገረችኝም።

«በርጩማውን እንዳላጣ ብዬ…» አልኩ። ይሄ ሁሉ ወሬ ያለበት አፍ ያወጣው ይሄን ብቻ!

«ኧረ ጉድ!» ረምዚያ እጇን አጨበጨበች። «ስንቱን ጽሑፍ በልተውባት ይሆን! ወሬኛ የምባለው ግን እኔ! ምን ትጠብቃለህ ሳሊህ፣ አታስወጣቸውም?»

ተሸካሚዎቹ እንደገና ሳቁ። አንዷ ገዢም አብራ ሳቀች። እኔ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን በርበሬ አያለሁ።

«ረምዚያ» አለች ኻሊዳ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ለሳሊህ የጻፍሽውም እዚሁ አለ። ጥሩ አድርጎ ያነባል፣ ሰምተሽዋል። እሱን ላስነብበው?»

ሳቁ ጠፋ። ጆንያ የተሸከመው እንደተሸከመ ቆመ። የረምዚያ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሳሊህ፣ የተጻፈለትን ያላየው ሳሊህ፣ አንዴ እሷን አንዴ ኮምፒውተሩን ያያል።

ባለሙያው ምን እንደተፈጠረ አልገባውም። ሥራው አልቋል። የጆሮ ማዳመጫውን ለኻሊዳ አቀበላትና ከበርጩማው ተነሳ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ማንም አልከለከለኝም።

ኻሊዳ ማዳመጫውን በጣቶቿ ዳበሰችው። መጀመሪያ ግራ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ቆየችና ቀኙን፣ በኔ በኩል ያለውን። ከዚያ ቁልፎቹን መንካት ጀመረች፣ ከንፈሯም የትዕዛዙን ኪሎ እየደገመ።

«ኻሊዳ» አልኩ።

አፍንጫው የተደፈነው ሰውዬ ያወራላታል። ለኔ የሚደርሰኝ ከማዳመጫው የሚሾልከው ብቻ ነው፤ እንደ ትንኝ።