የአዳራሹ ቁልፍ

ከጥቅምት አንድ ቀን ጀምሮ የወረዳው የሕፃናት ማቆያ በአሥራ ሁለት ሰዓት መዘጋቱ ቀርቶ በአሥራ አንድ ተኩል ይዘጋ ጀመር። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሻይ የምታፈላውና ስብሰባ ሲያልቅ አዳራሹን የምትቆልፈው እናት በዚያው ወር ሁለት ጊዜ ዘገየች።

«ስለምትዘገዩት ወላጆች ለበላይ ጽፈናል» አለቻት ሞግዚቷ፣ እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ እያቀበለቻት።

እናትየው የፈራችው ለትልቋ ልጇ ነው። ምንታምር ወደ አራተኛ ክፍል የተመለሰችው ማቆያው ትንሹን ስለተቀበለላት ነበር፤ እሱ ከተባረረ እሱን ስትጠብቅ ቤት ትውላለች።

ሐሙስ ዕለት የወረዳው ኮሚቴ ስብሰባ አላልቅ አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ወደ ሰብሳቢው ጎንበስ አለች።

«ጋሼ ደምሰው፣ ልጄን አምጥቼ ልመለስ? ማቆያው ሊዘጋ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ጅብ አይበላብሽም፤ አምስት ደቂቃ ናት። ይልቅ ሻዩን ድገሚን።»

ተሰብሳቢዎቹ ሳቁ። ሻዩን ደገመቻቸው። አንደኛው ስለ እናቶች ኃላፊነት ረዘም ያለ አስተያየት ሰጠ፤ ሌላው አስተያየቱን አጠናከረለት። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጋሼ ደምሰው መነጽራቸውን አደረጉ። እሷ ቁልፉን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ለልጆቻቸው ደንታ የሌላቸው አንዳንድ ወላጆች የማቆያውን ሥራ እያወኩ በመሆናቸው፣ ዛሬን ጨምሮ ሦስት ጊዜ የዘገየ ወላጅ ልጁ ከማቆያው እንዲሰናበት ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»