ቁጡው ዶክተር

በቴሌቪዥን ድራማው ላይ ያለው የትንሽ ከተማ ሐኪም ጠባዩ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ የሚድነውን በሽተኛ ይቆጣል፣ ለሚሞተው ወንበር ይስባል። የከተማው ሰው በሙሉ «ከኛው ዶክተር የተቀዳ ነው» ብሎ ይምላል።

አንዲት ሴት ከጡቷ የተወሰደው ናሙና ውጤት መጥቶ በዚሁ የከተማው ዶክተር በር ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። ዛሬ ከበሩ ወዲያ የቁጣ ድምፅ የለም። ከሷ በፊት የገቡት ሁለት ሰዎች ፊታቸው አመድ መስሎ ነው የወጡት። «አምላኬ፣ እኔን እንኳን ይቆጣኝ» እያለች ገባች።

ዶክተሩ ከመቀመጫው ተነሣ። ወንበር ሳበላት።

«እንደምን አደርሽ፣ እህቴ?» አላት ፈገግ ብሎ።

እሷ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«ውጤቱ ደህና ነው። ምንም የለብሽም።»

«ልጆቼን ለማን ልተዋቸው?» አለች እንባዋ እየወረደ።

ዶክተሩ ግራ ገብቶት አያት፤ ቆይቶ ገባውና አንገቱን ደፋ።

«ድራማውን እኔም አየሁት። አፈርኩ። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ላልቆጣ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።»

የውጤቱን ወረቀት ወደሷ ገፋላት። እሷ ግን ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

«ዶክተር፣ እውነት ደህና ከሆንኩ» አለችው፣ «አንዴ ብቻ ይቆጡኝ።»