ኢዛቤል ብትነግሥ ኖሮ

ሳህሌ የመስታወቱን በር ሳያንኳኳ ከፈተው።

ከመክፈቱ በፊት ግን የቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲያያቸው ነበር። የጥናት ክፍሉ ግድግዳ ሁሉ መስታወት ነው፤ ድምፅ አያሳልፍም እንጂ ምንም አይደብቅም። ሚስቱ ኖላዊት ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋ ረጅም ወረቀት ላይ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። አጠገቧ የተቀመጠው ጎልማሳ አንድ ነገር ሲናገር እስክሪብቶዋን ጥላ ሳቀች፤ አፏን እንኳ በእጇ ሳትሸፍን። ሳህሌ እሱ ፊት እንዲህ የሳቀችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረ። ራቀበት።

ሰውየው ቲያጎ መሆኑን ለማወቅ ነጋሪ አላስፈለገውም። ይህ ስም ቤታቸው ከገባ ወር ሆኖታል። ቲያጎ እንዲህ አለ፣ ቲያጎ ይሄን መጽሐፍ አመጣልኝ፣ ቲያጎ ደወለ። ኮሌጅ አብሯት የሚማር ብራዚላዊ ነው። የታሪክ መምህራቸው ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋ ስትመድብ ለእነሱ የደረሳቸው ጥያቄ፣ በፈረንጆቹ 1889 ወታደሮች የብራዚልን ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን ባያወርዱት ኖሮ አገሪቱ ምን ትሆን ነበር የሚል ነው። ማክሰኞ ክፍል ፊት ቆመው ያቀርቡታል።

ሳህሌ ኦበርን ከተማ ከሚሠራበት የዕቃ መጋዘን የወጣው ከሰዓቱ ቀድሞ ነው። ለአለቃው ጥርሴን አመመኝ አለው። ለራሱ ግን ምክንያት ሳይሰጥ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ነዳ።

«እንዴ፣ መጣህ? አሥራ አንድ ሰዓት አልነበር ያልኩህ?» አለችው ኖላዊት። አልደነገጠችም። አለመደንገጧም አናደደው።

«ትራፊክ የለም።»

«ሶ ተቀመጥና ስማን፤ ፕራክቲስ እያደረግን ነው።» ከዚያ ወደ ሰውየው ዞራ በእንግሊዝኛ «ባለቤቴ ነው» አለች።

ቲያጎ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ሳህሌ ለስላሳ እጅ ጠብቆ ነበር፤ የጨበጠው ግን ከራሱ እጅ የባሰ ሻካራ ነው።

«ጣሪያ ነው የምሠራው» አለ ቲያጎ፣ እንደ ማፈር ብሎ። ከዚያ ቆሞ ማስረዳት ጀመረ። «የእናቴ ቅድመ አያት ባሪያ ነበረች። በ1888 ነፃ ወጣች። አዋጁን የፈረመችው የንጉሡ ልጅ፣ አልጋ ወራሿ ኢዛቤል ናት። በዓመቱ ወታደሮቹ አባቷን አወረዱ፤ ቤተሰቡን በመርከብ ጭነው አሰደዱ። ያን ቀን ባይሳካላቸው ኖሮ ኢዛቤል ትነግሥ ነበር። ነፃ ለወጡት መሬት ትሰጥ ነበር። እኛም ዛሬ የራሳችን እርሻ ይኖረን ነበር።»

ሳህሌ ደብረ ማርቆስ አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሯል። ንጉሥ እንዴት እንደሚወርድ ከዚህ ሰው አይማርም።

«ማን ያነግሣታል?» አለ በእንግሊዝኛ። «ባለመሬቶቹ ባሪያዎቻቸውን ያለ ካሳ ስላስለቀቀችባቸው አኩርፈዋታል። ጦሩም ቅር ብሎታል። ወታደር ንጉሥ የሚያወርደው ስለበረታ ብቻ አይደለም፤ መሐል ገብቶ የሚቆም ስለሚጠፋ ነው። ያን ቀን ብታመልጥ በዓመቱ ትወርዳለች። ይሄ ተረት ነው።»

ድምፁ ድሮ ሲያስተምር ክፍል ውስጥ የነበረው ድምፅ ሆኖ ወጣለት። ቲያጎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሳህሌን ደስ አለው፤ ደስታው እስከ ጆሮው ሞቀው።

«እሱን እኮ ነው ስነግረው የከረምኩት» አለች ኖላዊት። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አኖረች። «ቲያጎ ከቤተ መንግሥቱ ይጀምራል፤ አንተም ከዚያው ጀመርክ። እኔ ከዚያ በፊት ካለው ዓመት እጀምራለሁ። ነፃነቱ የታወጀ ቀን መሬቱም አብሮ ተሰጥቶ ቢሆንስ? መሐል የሚቆም ጠፋ አልክ፤ መሬት የያዘ ገበሬ ይቆም ነበር። ለኢዛቤል ብሎ አይደለም፤ ለማሳው ብሎ። ከዚያ ወዲያ ንጉሥ ኖረም አልኖረም፣ ሪፐብሊክም ቢመጣ፣ ገበሬውን ሳይጠይቅ አይመጣም።»

ሳህሌ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ተማሪ የነገሥታት መውረጃ ቀን አስሸምድዷል። ባይወርዱስ ኖሮ ብሎ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ከዚያ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሂዱ ማለትማ ጭራሽ አልታየውም። ቅናቱ አልለቀቀውም፤ ብራዚላዊውን ግን ረስቶታል። ሚስቱን ነው የሚያያት።

«አንተም ታሪክ ተምረሃል እንዴ?» አለው ቲያጎ።

ሳህሌ ወደ ኖላዊት ዞሮ በአማርኛ «አልነገርሽውም?» አላት።

«ሲነሣብህ አትወድማ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ መጀመሪያ የጠየቅኩት አንተን ነበር። ‹የብራዚል ንጉሥ ምን ያደርግልሻል› ብለህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክ።»

አዙሮ ነበር። ጨርሶም አልተኛም ነበር፤ መጽሐፏን ስትገልጥ እየሰማ የተኛ መስሎ ነበር የተጋደመው።

ቲያጎ አማርኛውን ባይሰማም አንድ ነገር የገባው ይመስላል። ቡናውን አንሥቶ ከጠረጴዛው ማዶ ካለው ወንበር ሄዶ ተቀመጠ።

ሳህሌ የሥራ ጃኬቱን ሳያወልቅ በተለቀቀለት ቦታ ተቀመጠ። ኖላዊት ምንም ሳትለው ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። ከላይ በጥቁር ቀለም የሆነው ታሪክ፣ ከሥሩ በአረንጓዴ ሊሆን ይችል የነበረው፣ በደቃቅ ጽሕፈቷ ዓመት በዓመት ተደርድሯል። ጣቱን መጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፎ ስሕተት መፈለግ ጀመረ። አንድ ብቻ፣ ትንሽም ብትሆን። እስከ ወረቀቱ ጫፍ ወረደ፤ አላገኘም። ቀና ሳይል ወደ ጀርባው ገለበጠውና ማንበቡን ቀጠለ።