አይበሳም

ለሕዝብ ሽንት ቤት ምረቃ በተሠራው ባነር ላይ የኃላፊው ፊት የጋራዥ በር አክሏል። ሥራው የፊቱን ያህል ቢሆን አገር በለማ ነበር።

«ጌታዬ፣ ሜዳው ነፋሻ ነው። ንፋሱ እንዲያልፍ ባነሩን ቦታ ቦታ ልብሳው» አለ ሊሰቅል የመጣው ሠራተኛ።

«የኔ ፊት ወንፊት ነው? ስቀል ተባልክ እንጂ አስተያየት ስጥ ተባልክ?»

«እሺ ጌታዬ» ብሎ ሳይበሳ ሰቀለው።

ኃላፊው መድረኩ ላይ ወጥቶ «እኛን የሚነቀንቅ ንፋስ የለም!» እያለ ሲደነፋ ንፋሱ መጣ። ባነሩ ተነፍቶ ገመዱን በጠሰና ኃላፊውን ከነማይክራፎኑ ጠቀለለው። ሜዳው ሙሉ ድምፁን ሰማ፦ «ታፈንኩ! ቅደዱት! ብሱልኝ!»

ሠራተኛው ሴንጢውን አውጥቶ ጎንበስ አለ።

«ጌታዬ፣ ፊትዎ እኮ ነው። ወንፊት ላድርገው?»