አንድ ሚሊዮን ከሦስት

ወንዳወቅ በጦርነቱ ዓመት ከፃግብጂ ወጥቶ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። የተረፈው የትምህርት ቤት ቦርሳው ነው፤ በውስጡም አንድ ደብተር።

በደብተሩ ራስጌ 1,000,003 ተጽፏል። ይህን ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር አለ ወይ የሚል የመምህሩ ጥያቄ ነው። ልጁ የሚሞከሩትን ቁጥሮች ሽፋኑ ላይ ዘርዝሮ፣ በየተራ እያካፈለ 719 ድረስ ሄዷል። ሁሌም ቀሪ ይተርፈዋል። የሚያካፍለው ጮክ ብሎ ነበር፤ እናቱ ሸጌም አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ እየሰማችና እጁን እያየች፣ ትፈትል ነበር።

ልጁ ከሄደ ወዲህ አባቱ ቅጣው ስሙን በቤቱ አላስጠራም። ቄሱ ስለ ተዝካሩ ሲጠይቁት "ገና ነው" ብሎ ያልፋል። ተዝካር ማውጣት ሞቷል ማለት ነው።

አንድ ቀን ሸጌ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቅጣው ደብተሩን ይዞ ከአውድማው ጀርባ ተቀመጠ። ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፤ ያንንም ረስቼዋለሁ ነው የሚለው። የልጁን አጻጻፍ እየተከተለ፣ በዝርዝሩ ቀጣይ ለሆነው ለ727 አካፈለ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ቀሪ 368 ብሎ ጻፈና ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ መለሰ።

በማግስቱ ከእርሻ ገብቶ ገለጠው። 368 ተሰርዟል። ከጎኑ 378 ተጽፏል፤ ሰባቱ፣ ወንዳወቅ እንደሚጽፈው፣ ወገቡ ላይ ጭረት አለው።

በቤቱ ከሸጌ በቀር ማንም የለም። እሷ ደግሞ የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነው።

ከዚያ ወዲያ በተሳሳተ ጊዜ ሁሉ ይታረማል፤ ልክ ሲሆን ምንም አይጻፍም። ቅጣው ወደ ገዛ ቤቱ ሲገባ፣ እንግዳ እንዳለበት ቤት፣ ማሳል ጀመረ። ሸጌም ከራት አንድ ቁራሽ አስተርፋ መክደን ለመደች። ለማን እንደሆነ አልጠየቃትም።

ሰቆጣ ገበያ ላይ መምህሩን ሙሉሰውን አገኘውና ስለ ቁጥሩ እንደ ዋዛ ጠየቀው።

"እስከ 997 ተሞክሮ ካልተገኘ በቃ፣ ጋሽ ቅጣው። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ብቻውን የቆመ ቁጥር ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ምን ሥራ አለው? አለቀ።"

ቅጣው በሳምንት አንድ ብቻ ማካፈል ጀመረ። ቢሆንም ዝርዝሩ አለቀ። 997 ላይ ቀሪው 12 መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጠ። ከዚያ ሆን ብሎ 13 ጻፈ። አንዴ ብቻ ይምጣልኝ ብሎ ነው።

በማግስቱ 13 ተሰርዞ 12 ሆኗል። ከሥሩ ያለው ባዶ ወረቀት ነው።

ሸጌ ደጃፍ ላይ ትፈትል ነበር። አጠገቧ ተቀመጠና ከአራት ዓመት በኋላ የልጁን ስም ጠራ።

"ተዝካር አላወጣም። ወንዳወቅ ቤት ይመጣል። ደብተሩ ላይ ይጽፋል።"

"አውቃለሁ" አለች ሸጌ እንዝርቷን ሳታቆም። "ግን ደክሞት ነው መሰለኝ፣ ድሮ እንዲህ አይሳሳትም ነበር፤ እኔ ነኝ የማርምለት።"