በጋቢ የተጠቀለለው ላፕቶፕ

ዩስራ ከገበያ ስትመለስ አዲሱን ላፕቶፗን አልጋው ላይ በሟች አባቷ ጋቢ ተጠቅልሎ አገኘችው። ክው አለች፤ የአባቷ ድምፅ ተቀድቶ የቀረው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር።

«እማ! አየር ካላገኘ ግሎ ይቃጠላል እኮ!»

«ምን ላድርግ ልጄ» አለች እናቷ ከጓዳ፤ «ወላሂ፣ በረደኝ ሲል ሰማሁት።»

«ማን?»

«አባትሽ ነዋ! የጭሮን ጉም መቼ ይችልና።»

ዩስራ ድምፁን ለእናቷ አሰምታት አታውቅም። በቅጂው ውስጥም ብርድ የሚባል ነገር አልተነሳም። ጋቢውን በጥድፊያ ገፈፈችው። ላፕቶፑ ጠዋት እንዳጠፋችው ነበር። ግሎ እንዳይሆን ፈርታ መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። እንኳን ሊግል እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ ከመዳፏ ስርም በቀስታ ይንቀጠቀጣል።

ጋቢውን አንስታ መልሳ አለበሰችው።