የትርንጎ ጉሮሮ

«የመረዋ ደንብ» ከወጣ ወዲህ ሻካራ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ሁሉ ይታሸጋል፤ በስልክ የተቀመጠ የሰው ድምፅም ባለቤቱ ሳይጠየቅ ይጸዳል። ዛሬ ተቆጣጣሪዋ የጊታር አምፕሊፋየር ጠጋኙን የጋሽ ዘርጋውን ሱቅ ልታሽግ መጥታ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አይቆጡ ጋሼ፤ ደንቡ እኮ የሟች ባለቤትዎን ድምፅ እንኳ አሳምሮልዎታል» አለችና ከስልካቸው ላይ ከፈተችው።

«ዘርጋው፣ ምሳህ ቀዘቀዘ» አለ ድምፁ፣ እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ብሎ።

የጋሽ ዘርጋው ደም ፈላ። «ማን አሳምሩልኝ አላችሁ? ትርንጎ አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ ሻካራ ጉሮሮዋ ስትቆጣኝ ኖራለች። ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

ስልኩን ከአሮጌው አምፕሊፋየር ጋር አገናኙና ካቻቢቴያቸውን አነሡ። ባያስ የሚሉትን ብሎን ዞር ሲያደርጉት በአምፕሊፋየሩ የመስታወት ቱቦዎች የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ቀነሰ፤ ድምፁም ሻከር አለ። ብሎኑን ጥቂት ጨምረው አዞሩት።

«ዘርጋው! ምሳህ ቀዘቀዘ!» ብሎ ሱቁን ሞላው፤ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ የተቆጣ የሴት ወይዘሮ ድምፅ።

ተቆጣጣሪዋ ሳታስበው ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ልታሽጊ የመጣሽው ይህቺን ነው» አሏት ጋሽ ዘርጋው። «በይ እሽጊያት!»